ምድርን ማየት፣ አደራን ማወቅ፦ የጀመዓ ጉዞ ወደ ጓሳና ወደ ይፋት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ሰማያትንና ምድርን ያለ ምሰሶ ላቆመው፣ ተራራዎችን ለተከለውና ከደመና ውኃን ላወረደው ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ድረስ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን ብዙ ወላጆች በተደጋጋሚ በሚያነሱት አንድ ጥያቄ ላይ እንነጋገራለን። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «የመድረሳ ልጆችንና የጀመዓውን ወጣቶች ሰብስቦ ጫካና አራዊት፣ የጥንት ፍርስራሽ ለማየት መሄድ ምን ጥቅም አለው? ገንዘቡ ለመስጂዱ ጣሪያ ወይም ለየቲም ቢውል አይሻልም ወይ? ሴት ልጆችስ እንዴት ይሄዳሉ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘብም ጊዜም አማና ነውና፣ በምን ላይ እንደምናውለው ነገ እንጠየቅበታለን። ስለዚህ በእኛ በሞላሌና በአካባቢያችን ያለውን ምሳሌ አድርገን ጉዳዩን በዝርዝር እንመልከተው።

ሽርሽር ወይስ ትምህርት?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ዓላማ የሌለው፣ ሶላት የሚያልፍበት፣ ገንዘብ የሚባክንበትና ለመታየት ብቻ የሚደረግ ጉዞ አለ። እርሱን አንደግፈውም። ሌላ ዓይነት ጉዞ ደግሞ አለ። በቁርኣን ውስጥ በሱረቱል ዐንከቡት አላህ (ሱ.ወ) ባሮቹ በምድር ላይ እንዲጓዙና የፍጥረትን አጀማመር እንዲመለከቱ አዟል። በሱረቱል ጋሺያ ደግሞ ወደ ግመሏ አፈጣጠር፣ ወደ ሰማዩ፣ ወደ ተራራውና ወደ ምድሩ እንድንመለከት ይጠይቀናል። ዑለማዎቻችን ይህን መመልከት «ተፈኩር» ይሉታል፤ ማስተንተን ማለት ነው። በተከፈተ ዓይን የሚደረግ ማስተንተን ኢማንን እንደሚጨምር አስተምረውናል።

በሱረቱል አንዓም ደግሞ በምድር ላይ የሚሄዱ እንስሳትና በክንፋቸው የሚበሩ አዕዋፍ እንደኛው ሕዝቦች እንደሆኑ ተነግሮናል። ልጆቻችን ይህን አንቀጽ በቃላቸው ይቀሩታል። ነገር ግን እነዚያን «ሕዝቦች» በአንድ ቦታ ተሰብስበው፣ በራሳቸው ሥርዓት ሲኖሩ ያየው ልጅ ስንት ነው? ለእኛ ለመንዝ ሰዎች ይህ ቦታ ሩቅ አይደለም።

ጓሳ ምን ዓይነት ቦታ ነው?

ሞላሌ ከጣርማ በር ተነስቶ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የመንዝ ማማ ምድር ከተማ ናት። ከመሐል ሜዳ አልፎ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ይገኛል። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ምድሩ በድንገት ተቆርጦ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። በምዕራብ በኩል ውኃው ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ነው።

ስሙን ያገኘው ከጓሳ ሣሩ ነው። ይህ ሣር በእጅ ሲይዙት ሻካራ፣ በቁመቱ ረጅም፣ በጉቶ በጉቶ እየሆነ የሚበቅል ነው። የቤት ክዳን የሚሆነው እርሱ ነው። ገመድ ይገመድበታል፣ መጥረጊያ ይሠራበታል፣ ፍራሽ ይሞላበታል፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይለሰንበታል። ዛሬ ቆርቆሮ ቢበዛም በገጠር ያለ ሰው ጥቅሙን አልረሳውም። ከሣሩ ሌላ አስታውና ጅብራው አለ። ጅብራው በዚያ ብርድ ውስጥ ከሰው ቁመት በላይ ብቻውን ቆሞ ሲያዩት ፈጣሪውን ያስታውሳል።

ሣሩ የሚሠራውን ሥራ ልጆች በቦታው ቆመው ቢማሩት መልካም ነው። የክረምቱ ዝናብ በባዶ መሬት ላይ ሲወርድ አፈሩን ይዞ ገደል ይገባል። በጓሳው ላይ ሲወርድ ግን ሣሩ ይቀበለዋል፣ ሥሩም አፈሩን አቅፎ ይይዘዋል፤ ውኃው ቀስ ብሎ ወደ ጨፌው ይሰርጋል። ከዚያም በበጋ በታች ባሉት መንደሮች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ታች ያለው ገበሬ በጥር ወር ከብቱን የሚያጠጣው ላይ ያለው ሣር በሐምሌ በያዘለት ውኃ ነው። ላይኛው ሰው ሣሩን ቢያርሰው ጉዳቱ የሚደርሰው የማያውቀው ታችኛው ሰው ላይ ነው። በኢስላም አንዱ ትልቅ የፊቅህ መርሕ ራስንም ሌላውንም አለመጉዳት ነው። ይህን መርሕ በዓይን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አናውቅም።

ቀበሮውና ጭላዳው

በጓሳ ውስጥ ከሚኖሩት እንስሳት ሁለቱን እናንሳ። አንደኛው ቀይ ቀበሮ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በስተቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም። በጠቅላላው ያሉት ወደ 500 ገደማ ብቻ እንደሆኑ ይገመታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመገበው በሣሩ ሥር የሚኖሩትን አይጦች ነው። ሁለተኛው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። እርሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሣር እየነጨ የሚበላ ፍጡር ነው። ሌሊቱን በገደሉ ላይ ያድራል፣ ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣል። በጓሳ ጭላዳዎችን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ከ2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምረው ሥራቸውን ሲያካሂዱ ቆይተዋል።

እነዚህ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንድ አስደናቂ ነገር ተገኝቷል። ቀበሮዎቹ በጭላዳው መንጋ መካከል ገብተው ሲያድኑ፣ ከሞከሩት 100 ጊዜ በ67ቱ አይጥ ይይዛሉ። ብቻቸውን ሲያድኑ ግን የሚይዙት 25 ጊዜ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም ቀበሮው ግልገሎቻቸውን ስለማይነካባቸው አይሸሹትም፣ በመካከላቸው ሲመላለስ ዝም ይሉታል። ቀበሮው አንድ ግልገል ቢነጥቅ ያ ሁሉ መታመን በአንድ ቀን ይጠፋበታል። የጎረቤትን ሐቅ ለማስተማር የምንደክም እኛ፣ አላህ በአራዊት መካከል እንኳ ያኖረውን ይህን ሥርዓት ለልጆቻችን ብናሳያቸው ትልቅ ደርስ ነው። ሱብሐነላህ!

ቀበሮውን ከሚያጠፉት ነገሮች ዋነኛው ከውሻ የሚተላለፍበት በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታና ሌላም የውሻ ወረርሽኝ አለ። በሸሪዓችን ለከብት ጥበቃ ውሻ መያዝ የተፈቀደ ነው፤ የመንዝ እረኛም ያለ ውሻ አይሆንለትም። ነገር ግን የተፈቀደ ነገር ኃላፊነት አለበት። ክትባት በሚሰጥበት ጊዜ ውሻችንን ማስከተብ ቀበሮውንም ልጆቻችንንም ይጠብቃል። ለጉብኝት ስንሄድ ደግሞ ውሻ ይዘን አንሄድም።

ሒማና ቄሮ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። የጓሳ ምድር እስከ ዛሬ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። አባቶች ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። አጀማመሩ አስቦ ከተባሉ የመንዝ ቀደምት አባት ጋር ተያይዞ ይነገራል። በዚህ ሥርዓት ምድሩ ለ3፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያሰማራም። ሣሩ ሲደርስ በምክር ይከፈታል፤ ባለመብቱ ሁሉ በአንድ ቀን ወጥቶ ያጭዳል። ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል። የሚጠብቁ አለቆች ነበሩ፣ የጣሰም ከባድ ቅጣት ነበረበት።

በየካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ። የጓሳው ዳር ዳር ታረሰ፣ ሣሩም አለጊዜው ታጨደ። ኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ጉዳቱን አይቶ ተሰበሰበና የራሱን መተዳደሪያ ደንብና ኮሚቴ አቆመ። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የሚባለውም ስለዚህ ነው። የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር የተባለው ድርጅት ረድቶ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል፤ ጎብኚ የሚከፍለውም ገንዘብ ለጥበቃውና ለአካባቢው ሰው እንዲጠቅም ታስቦ ነው።

አድማጮቻችን ሆይ፣ ይህ ሥርዓት ለኢስላም እንግዳ አይደለም። በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ «ሒማ» የሚባል ምዕራፍ አለ። ሒማ ማለት የተከለለ፣ የተጠበቀ ግጦሽ ነው። ከኢስላም በፊት የዐረብ ኃያላን ለምለም ምድር ባዩ ጊዜ ለራሳቸው ከብት ብቻ ይከልሉት ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አስቀሩ። ክልል ለግለሰብ ጥቅም ሳይሆን ለአላህና ለመልእክተኛው፣ ማለትም ለሕዝቡ የጋራ ጥቅም ብቻ እንዲሆን ደነገጉ። ከመዲና ወጣ ብሎ የሚገኘውን ነቂዕ የተባለውን ስፍራ ለጂሃድ ፈረሶች ከለሉ። መዲናንም ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋ እንዳይታደን ሐረም አደረጓት።

ከእርሳቸው በኋላ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ሌላ ሒማ ሲከልሉ ሁነይ የተባለውን አገልጋያቸውን ጠባቂ አድርገው ሾሙት። ቡኻሪ ዘግበውት እንደምናገኘው፣ ለጠባቂው የሰጡት ትእዛዝ የሚያስደንቅ ነው። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድኻ እንዲያስገባው አዘዙት። እንደ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ያሉ ባለጸጎችን ከብት ግን እንዲከለክል ነገሩት። ምክንያቱንም ገለጹለት፦ ባለጸጋው ከብቱ ቢያልቅ ወደ እርሻውና ወደ ዘንባባው ይመለሳል፣ ድኻው ከብቱ ቢያልቅበት ግን ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ይመጣል። የበይተል ማል ወርቅና ብር ከማውጣት ሣርና ውኃ መስጠት ይቀላል።

እንግዲህ ሒማውንና ቄሮውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሁለቱም የጋራ ሀብት አለ፣ ሁለቱም ጠባቂ አላቸው፣ የመዝጊያና የመክፈቻ ጊዜ አላቸው። ሁለቱም ኃይለኛው ብቻውን እንዳይበላ ይከለክላሉ። የመንዝ አባቶች አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፣ ናቸውም። መልካም ሥራ ግን ከማንም ይምጣ መልካም ነው፤ ሙስሊም ጥበብን ባገኘበት ቦታ የሚያነሳ ነው። በጓሳው ውኃ የሚጠጣ፣ በሣሩ ቤቱን የሚከድን ሙስሊም ደንቡን ማክበር ግዴታው ነው። «ጠባቂው አላየኝም» ብሎ ሌሊት የሚያጭድ ሰው የወሰደው የሕዝብን ሐቅ ነው። የአንድን ሰው ሐቅ የወሰደ አንዱን ይቅርታ ይጠይቃል። የሕዝብን ሐቅ የወሰደስ ማንን ጠይቆ ይጨርሳል?

ወደ ይፋት መውረድ

ከደጋው ጫፍ ቆመን ወደ ምሥራቅ ስንመለከት የሚታየው ቆላ የይፋት ምድር ነው። የጉዞው ሁለተኛ ክፍል ወደዚያ ቢሆን እንመርጣለን። ምክንያቱም ብዙ ልጆቻችን «ሙስሊም ለዚህ አገር እንግዳ ነው» የሚል ወሬ ሰምተው አድገዋል። ልጁ በክርክር ከሚመልስ በዓይኑ ቢያይ ይሻላል።

በዚህ በሸዋ ምሥራቃዊ ክፍል ከ9ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የመኽዙሚ ሥርወ መንግሥት የተባለ የሙስሊሞች ሱልጣኔት እንደነበረ ታሪክ መዝግቧል። የዘመን መዝገቡ በዐረብኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለ ጣሊያናዊ ምሁር በ1941 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በ1285 እ.ኤ.አ. የይፋቱ የወላስማዕ ሥርወ መንግሥት ያንን ሱልጣኔት ጠቀለለው። በ14ኛው ምዕተ ዓመት ኢብኑ ፈድሉላህ አል ዑመሪ የተባለው የግብፅና የሻም ጸሐፊ፣ ከሐበሻ ሰባት የሙስሊም አገሮች አንዷ አድርጎ ይፋትን ገልጿታል። ይፋት «ጀበርት» ተብላም ትጠራ ነበር። ከዚህ አካባቢ ለዕውቀት ወደ ግብፅ የሚሄዱ ደረሶች በካይሮ አል አዝሀር ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ማረፊያ፣ «ሪዋቁል ጀበርት» ነበራቸው። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲም (1753-1825 እ.ኤ.አ.) የዘር ሐረጉ ከእነዚሁ ሰዎች ነው። አንድ የመድረሳ ልጅ ከዚህ ቆላ ተነስቶ በዘይላዕ በኩል ባሕር ተሻግሮ አዝሀር መግባቱን ስናስብ፣ ዛሬ መንገድና መኪና ያለን እኛ ለዕውቀት ምን ያህል ሰነፍን ያሰኛል።

ከዚህ ዘመን የቀሩ ምልክቶች አሉ። በይፋት የተራራ ግርጌዎች ላይ አስባሪ፣ መሰልና ኖራ የተባሉ የጥንት የሙስሊም ከተሞች ፍራሾች ይገኛሉ። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ዓመታት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው መርምረዋቸዋል። በድንጋይ የተሠሩ የመስጂድ ግድግዳዎች፣ የቤቶች ፍራሾችና የመቃብር ስፍራዎች ተገኝተዋል። በአካባቢው የወላስማዕ ሱልጣኖች የተቀበሩበትና በዐረብኛ የተጻፈ የመቃብር ድንጋይ ያለበት ስፍራም አለ። በአካባቢው የሚኖሩት የአርጎባ ወንድሞቻችን ይህን ታሪክ እንደ ራሳቸው የአያት ቤት ይጠብቁታል።

ከዚያም ወደ አንኮበር አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ዓልዩ አምባን ያገኛል። ዓልዩ አምባ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከሐረርና ከተጁራ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙባት የሙስሊሞች የገበያ ከተማ ነበረች። ላይ አንኮበር ላይ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲቀመጡ፣ ታች ዓልዩ አምባ ላይ የሙስሊሙ ነጋዴ ጨውና ጨርቅ ያወርድ ነበር። ደጋውና ቆላው አንዱ ያለ ሌላው አልኖሩም። ጦርነትም ነበረ፣ ንግድም ነበረ፣ ጉርብትናም ነበረ። ለልጆቻችን ሦስቱንም ሳንደብቅ እንንገራቸው። ጦርነቱን ብቻ የምንነግረው ልጅ ቂመኛ ይሆናል፤ ሁሉንም የሰማ ልጅ ግን ሚዛን ይኖረዋል።

ጊዜ ካለ ደግሞ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ያለውን የወፍ ዋሻ ደን ማየት ይቻላል። ጽድ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ወይራ ያለበት ጥንታዊ የተፈጥሮ ደን ነው። በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያለው የመናገሻ ደን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሲተከል የጽድ ዘሩ ከወፍ ዋሻ እንደሄደ ይነገራል። አንድ ችግኝ የተከለና ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የበላለት ሙስሊም ሶደቃ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። የአንድ ደን ፍሬ ሌላ ደን ሲሆን ምንዳው እስከ የት እንደሚሄድ አስቡት።

ስለ ፍራሾቹ አደብ

በፍራሽ ቦታዎች ላይ ሁለት ጥፋቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው የተጠረበውን ድንጋይ እያነሱ ለቤትና ለአጥር ማድረግ ነው። ሁለተኛው «ወርቅ ተቀብሯል» በሚል ወሬ መቆፈር ነው። መቃብር መቆፈርና የሙስሊምን አጥንት ማወክ በሸሪዓችን ሐራም ነው። በአገሪቱም ሕግ፣ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈር የተከለከለ ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘም ማሳወቅ አለበት። ልጆች የሸክላ ስባሪ ቢያገኙ አይተው ባለበት ይተዉት። ያ ስባሪ በቦታው ሳለ ለተመራማሪው ብዙ ይናገራል፤ ልጁ ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ምንም አይናገርም።

በመቃብር ስናልፍ ሰላምታ አቅርበን ዱዓ እናደርግላቸዋለን፤ ከእነርሱ አንለምንም፣ ግድግዳውንም አንዳስስም። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስንደርስ ደግሞ ያለ ፈቃድ አንገባም፣ ድምፃችንንም ዝቅ እናደርጋለን። በዙሪያው ያለውን ደን ጎረቤቶቻችን የጠበቁት ነውና ቅጠሉን አንቀነጥስም።

የጉዞው ሥርዓት

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ።

አሚር መሾም፦ ሦስት ሰዎች እንኳ ሲጓዙ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። ለልጆች ጉዞ ደግሞ ከአሚሩ ሌላ ለየ10 ልጅ አንድ ኃላፊ ይመደብ። ገንዘብ ያዡና አሚሩ የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ሒሳቡም ከጉዞው በኋላ በመስጂድ ይነበብ።

ወጪ፦ አቅም የሌለው ልጅ እንዳይቀር ያለው ለሌለው ይክፈል፣ ማን እንደከፈለለትም አይነገር። ለየቲም የተያዘ ገንዘብ ግን ፈጽሞ አይነካ። ስንቁ ቀላል ይሁን፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና በፔርሙዝ የተያዘ ሻይ ይበቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ያነሳነው የወላጆች ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፦ የጣሪያው ገንዘብ ለጣሪያው፣ የየቲሙም ለየቲሙ ይቆያል፤ ጉዞው የሚሆነው ቤተሰቦች በፈቃዳቸው በሚያዋጡት ነው።

ሴት ልጆች፦ ጉዞው የቤተሰብ ጉዞ ቢሆን ችግሩ ይቃለላል። አባት፣ እናት፣ ወንድም አብሮ ሲሄድ ሴቷ ልጅ ከመሕረሟ ጋር ናት፣ ሐቋንም ታገኛለች። መቀመጫውና ማረፊያው ይለይ፣ የመጸዳጃው ነገር ቀድሞ ይታሰብ። «አስቸጋሪ ነው» ብሎ ሴቶችን ሁልጊዜ ማስቀረት ግን ተገቢ አይደለም። ነገ ልጅ የምታሳድገው እርሷ ናት፤ ያላየችውን ልታስተምር አትችልም።

ሶላት፦ ከሞላሌ እስከ ጓሳ ያለው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ስለማይሞላ ብዙዎቹ ዑለማዎች ለቀስር በወሰኑት ርቀት ውስጥ አይገባም፤ ሶላት ሙሉ ይሰገዳል። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ የሚመጡ ግን ቀስር ማድረግ ይችላሉ። የቂብላውም ነገር ለእኛ ቀላል ነው። መካ ከመንዝ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት። ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ በኩል ስለምትሆን፣ አንድ ቀጥ ያለ በትር ብንተክል በእኩለ ቀን ጥላው የሚያመለክተው ሰሜንን፣ ማለትም ቂብላን ነው። ልጆቹ ይህን በራሳቸው እጅ ይሥሩት፤ የዙህር ወቅት የሚገባው ጥላው አጥሮ አጥሮ ቆሞ መርዘም ሲጀምር መሆኑንም አብረው ይማራሉ።

ብርድ፦ ጓሳ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። የመንዝ ባና የሌለው ይዋስ። በውዱእ በተለበሰ ኹፍ ላይ ማበስ ለነዋሪ አንድ ቀንና ሌሊት፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀንና ሌሊት የተፈቀደ ነው። ውኃው ሕመም ያመጣል ተብሎ የሚያሰጋና ማሞቂያ የታጣ እንደሆነ ተየሙም አለ። ዲናችን ገር ነው። ከፍታው ደግሞ ከቆላ የመጣን ሰው ራስ ያሳምማል፤ እየተሮጠ አይወጣም። የልብና የአስም ሕመም ያለበት ሐኪሙን ያማክር።

ከአራዊት ጋር፦ ለጭላዳ ዳቦ አንወረውርም። የለመደ ጭላዳ ነገ ወደ ገበሬው ማሳ ይወርዳል፣ ድንጋይም ያገኘዋል። ከቀበሮ ጉድጓድ እንራቅ፤ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አብዛኛውን ጊዜ የሚወልዱበት ወቅት ነው። ሶሃቦች በአንድ ጉዞ የወፍ ጫጩቶችን ባነሱ ጊዜ እናቲቱ ክንፏን እየዘረጋች ስትጨነቅ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አይተው ልጆቿን እንዲመልሱላት አዘዙ። ያ የሆነው በጉዞ ላይ ነበር፤ ትምህርቱም ለመንገደኛ ነው።

ንጽሕናና እሳት፦ በሰው መንገድና በጥላ ላይ መጸዳዳት እርግማን የሚያመጣ ነገር መሆኑን ሐዲሱ ያስጠነቅቃል። ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ከዚያ የባሰ ነው፣ አይበሰብስምና። ያመጣነውን ይዘን እንመለስ። በደረቁ ጓሳ ላይ እሳት አይለኮስ። አንድ ክብሪት የብዙ ዓመት ሣርን በግማሽ ቀን ያነዳል።

ስለ ወቅቱ ሁኔታ

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት ብዙ ወገን ተጎድቷል፣ መንገድም በየጊዜው ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። ስለዚህ «በአላህ እንመካለን» ብሎ ሳይጠይቁ ልጆችን መኪና ላይ መጫን ተወኩል አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመልን አስሮ መመካትን ነው ያስተማሩት። ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሁኔታ፣ በቦታው ያሉ የአገር ሽማግሌዎችንና የጥብቅ ሥፍራውን ሰዎች መጠየቅ፣ ለወላጅ ሁሉ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቆይ። ጓሳው ኢንሻአላህ በቦታው ነው፤ የልጅ ነፍስ ግን አትተካም።

መንገድ በማይመችበት ጊዜ ከቅርብ እንጀምር። በእግር ደርሰን የምንመለስበት የጽድ ጥላ፣ የምንጭ ራስ፣ የገደል አፋፍ በየቀበሌው አለ። ልጆች በዕድሜ ከገፉ ሙስሊምና ክርስቲያን አባቶች ዘንድ ቁጭ ብለው ስለ ጓሳው አከፋፈትና አዘጋግ፣ ስለ ይፋት መንገድና ስለ ድሮ ገበያ ጠይቀው በደብተር ይጻፉ። ሽማግሌው ካለፈ በኋላ የሚጠየቅ አይኖርም። በክረምቱም እያንዳንዱ ቤት ጥቂት አገር በቀል ችግኝ ተክሎ እስኪጸድቅ ይከታተል።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከተናገርነው የምንይዘው ይህ ነው። በተውሒድና በአደብ የሚደረግ ጉዞ ኢባዳ ይሆናል። ጓሳ የጋራ ሀብትን ሕዝብ ራሱ ሊጠብቀው እንደሚችል ያስተምረናል። ይፋት ደግሞ ኢስላም በዚህ ምድር ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሥር ያለው መሆኑን ያሳየናል። አንዱ የውኃችን፣ ሌላው የታሪካችን ምንጭ ነው። ሁለቱም የተሰጡን ለአደራ ነው፤ ያላየውን አደራ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነውና ልጆቻችን ይዩት። ጉዳያቸውን ሲጨርሱም በቶሎ ወደ ቤታቸው ይመለሱ፤ ሱናውም ይኸው ነው።

ያ አላህ! ለአገራችን ሰላምን፣ ለምድራችን ዝናብንና በረካን፣ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን ስጥ። አደራህን ከሚጠብቁት ባሮችህ አድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።